ኤድስገር ዳይክስትራ እና ሳይታሰብ የሚመጣው ምልክት

ኤድስገር ዳይክስትራ በ1930 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የኬሚስትሪ፥ እናቱም የሒሳብ ዐዋቂ ነበሩ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሲማር ሳለ በ1952 በአምስተርዳም የሒሳብ ማእከል ፕሮግራም ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ሙያው እንግዳ ስለ ነበረ በ1957 ሲያገባ የማዘጋጃ ቤቱ ሹሞች ይህን ስም አንቀበልም ስላሉት፥ የፊዚክስ ሊቅ ተብሎ ተመዘገበ።

በዚያው ዘመን የሥራ ጓደኞቹ ሎፕስትራና ስኾልተን ኤክስ 1 የተባለውን ኮምፒዩተር ያዘጋጁ ነበር። ይህ ኮምፒዩተር ማተሚያው እስኪጨርስ ድረስ ሥራ ፈትቶ አይጠብቅም፤ ማተሚያው ሲጨርስ ምልክት ይልክለታል፥ እርሱም የያዘውን አቋርጦ ምልክቱን ካስተናገደ በኋላ ወደ ተወው ሥራ ይመለሳል። ነገሩ ሲሰሙት ደስ ያሰኛል። ዳይክስትራ ግን ፈራ። ምልክቱ በየትኞቹ ሁለት ትእዛዞች መካከል እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና፥ የሚፈጠረው ስሕተት ዛሬ ታይቶ ነገ ሊጠፋ፥ ፈላጊውንም ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ ሐሳቡን ለጥቂት ወራት ተቃወመ። በመጨረሻ ግን እሺ ብሎ፥ የተቋረጠው ሥራ መቋረጡ እንኳ ሳይታወቀው እንዲቀጥል የሚያደርገውን ፕሮግራም ራሱ ጻፈ፤ በ1959 ዶክተር የተባለውም በዚሁ ሥራ ነው።

በ1962 አይንድሆቨን ፕሮፌሰር ሆኖ ሄደ። በዚያም ብዙ ሥራዎች አንዱ ሌላውን ሳያበላሽ በአንድ ኮምፒዩተር እንዲሠሩ የሚያደርገውን ሥርዐት ከባልደረቦቹ ጋር ሠራ፤ ተራ ማስጠበቂያውንም በባቡር ሐዲድ ምልክት ስም ሴማፎር አለው።

የፈራው ነገር በኋላ በአሜሪካ በተሠራው በሲ ቋንቋም አለ። ኮንትሮልና ሲ የተባሉት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ወደ ፕሮግራሙ ምልክት ይላካል፤ ጸሐፊው ሲግናል በሚባለው ፈንክሽን የትኛው ክፍል ምልክቱን እንዲቀበል ይወስናል። ከእኛ ከተማሪዎቹ ብዙዎች በዚያ ክፍል ውስጥ ፕሪንትኤፍን እንጠራለን፤ ዋናው ፕሮግራም በዚያች ቅጽበት እዚያው ፈንክሽን ውስጥ ከነበረ ግን ነገሩ ሊተበተብ ይችላል። ችግሩም መቶ ጊዜ ተሞክሮ ላይታይ ይችላል። ተቀባዩ ክፍል ከመካከል የማትቈረጥ አንዲት ቁጥር ብቻ ለውጦ ቢመለስ፥ የቀረውን ዋናው ፕሮግራም በአመቸው ጊዜ ይፈጽመዋል።

ዳይክስትራ በ1972 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ፤ ከ1984 ጀምሮም በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ከ1300 በላይ ቁጥር የተሰጣቸው ጽሑፎች ያሉት ሲሆን፥ የኋለኞቹን በኮምፒዩተር ሳይሆን በብዕር ይጽፋቸው ነበር። በ2002 ወደ አገሩ ተመልሶ በኑነን በቤቱ ዐረፈ።