አመዳይን የወደደ ገበሬ

በብልባላ ያደገ ልጅ ውርጭን ያውቀዋል። በታኅሣሥ ጧት ከብት ለማሰማራት ሲወጣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ከእግሩ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ያ ነጭ ሁሉ ውሃ ሆኖ ይጠፋል። ብርዱ ጣቱን እየቈረጠመው ጐንበስ ብሎ ያን ነጭ ነገር የሚመረምር ማን ነው?

ዊልሰን ቤንትሊ የሚባል አሜሪካዊ ገበሬ እንዲህ ጐንበስ ብሎ ሲመለከት ዕድሜውን ፈጸመ።

እርሱም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1865 ዓመት በቬርሞንት ግዛት፥ ጄሪኮ በምትባል መንደር ተወለደ። በዚያ አገር በብርድ ወራት በረዶው እንደ ተነደፈ ጥጥ ለስልሶ ይወርዳል፤ መንገዱንና ጣራውንም ይሸፍናል። ይህ አመዳይ ይባላል። እናቱ ቀድሞ አስተማሪ ነበረችና እስከ 14 ዓመቱ ድረስ በቤት አስተማረችው። 15 ዓመት በሞላው ጊዜም ጥቃቅን ነገርን አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ሰጠችው። ልጁ የአመዳይን ቅንጣት በመነጽሩ ቢመለከት፥ አንጥረኛ እንደ ሠራው ጌጥ ያማረና ባለ ስድስት ጎን ሆኖ አገኘው። ሊሥለው ቢጀምር ግን ሥዕሉ ሳያልቅ ቅንጣቱ ቀለጠበት። ደጋግሞ ሞከረ፤ ደጋግሞም ቀለጠበት።

ከዚህ በኋላ ከመነጽር ጋራ የሚገጠም የፎቶግራፍ መሣሪያ ተመኘ። ዋጋው 100 ዶላር ያህል ነበረ። አባቱ ይህን ነገር እንደ ከንቱ ጨዋታ ይቈጥረው ነበር። በዚህ አባቱን መንቀፍ አይገባም፤ ላም አልቦ ለሚኖር ሰው፥ ለሚቀልጥ ነገር ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት ይከብዳል። ነገር ግን እናቱ ስለ ለመነችለት መሣሪያው ተገዛ። ቤንትሊም ብዙ ደክሞ፥ በጃንዋሪ 15 ቀን 1885 የአንዲት ቅንጣት ፎቶግራፍ ማንሣት ሆነለት። ገና 20 ዓመት አልሞላውም ነበር።

ሥራው እንዲህ ነበረ። እሳት በሌለበት ጎጆ ይቆማል፤ እሳት ካለ ቅንጣቱ ይቀልጣልና። የሚወርደውን አመዳይ በጥቁር ገበታ ይቀበላል፤ ያማረችውን መርጦ በቀጭን ስንጥር ያነሣታል፤ በመስተዋት ላይ አኑሮ በወፍ ላባ ቀስ አድርጎ ያስተኛታል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ትንፋሹን ይይዛል፤ የሰው ትንፋሽ ሙቅ ነውና አንድ ጊዜ ቢተነፍስባት ትጠፋለች። በኋላም ሥዕሉ በጥቁር መደብ ላይ ጐልቶ እንዲታይ፥ በመስተዋቱ ላይ ያለውን ቀለም በቅንጣቷ ዙሪያ በቢላዋ ይፍቃል። ይህ ፍቆሽ ብዙ ሰዓት ይፈጅበት ነበር።

እንዲህ ሲያደርግ ከ40 ዓመት በላይ ኖረ፤ ከ5000 በላይ ፎቶግራፍም አነሣ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ፈጽሞ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አላገኘም። በቤቱ መስኮት ላይ የሚጋገረውን ውርጭና በሸረሪት ድር ላይ የሚንጠለጠለውንም ጤዛ ያነሣ ነበር። ጎረቤቶቹ ሞኝ አሉት፤ እርሱ ግን ላሞቹን እያለበ፥ እናቱንም እስከ ሞተችበት እስከ 1906 ዓመት ድረስ እየጦረ ሥራውን ቀጠለ። ለመማሪያ ቤቶች አንዱን ሥዕል በ5 ሳንቲም ይሸጥ ነበርና ባለጠጋ አልሆነም። በ1903 ዓመት 500 ያህሉን እንዲጠበቁለት በዋሽንግተን ወዳለው ወደ ስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ሰደደ።

በ1931 ዓመት መጨረሻ ከ2400 በላይ ሥዕሎች ያሉበት መጽሐፉ ታተመ። ጥቂት ሳምንት ቈይቶ አመዳይ በማዕበል ሲወርድ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ብርዱም ሳንባውን መታው። በዲሴምበር 23 ቀን በዚያው በእርሻ ቤቱ ዐረፈ፤ በጄሪኮም ተቀበረ።