የተገደሉትን የቆጠረችው ሴት

የደቦ ፍርድ ነገር በተነሳ ቁጥር ትዝ የምትለኝ አንዲት አሜሪካዊት አለች። አይዳ ቢ. ዌልስ ትባላለች። ከሞተች ዘጠና ዓመት አልፏታል። ስሟ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በጀግንነቷ ነው፤ እኔን ግን ከጀግንነቷ ይልቅ የሚገርመኝ ቆጠራዋ ነው።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1862 ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ሆሊ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ነው። እኛ ዘንድ ያኔ ዐፄ ቴዎድሮስ ዙፋን ላይ ነበሩ። ወላጆቿ ባሮች ስለነበሩ እሷም ስትወለድ የሰው ንብረት ነበረች። ነፃነቱ መጥቶ ትምህርት ቤት ገባች። በ1878 ግን ቢጫ ወባ ከተማዋን ወረረና አባቷን፣ እናቷንና ሕፃን ወንድሟን በጥቂት ቀናት ውስጥ ወሰደባት። ገና 16 ዓመቷ ነበር። ሽማግሌዎቹ ታናናሾቿን ለየሰዉ ሊያከፋፍሉ ሲመክሩ አሻፈረኝ አለች። ትልቅ ሰው እንድትመስል ቀሚሷን አስረዘመችና በአስተማሪነት ተቀጠረች።

በኋላ ሜምፊስ ገባች። ከባቡር የሴቶች ፉርጎ በጉልበት ስላስወረዷት ኩባንያውን ከሰሰች፤ በ1884 ፍርድ ቤት 500 ዶላር ፈረደላት። የቴኔሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1887 ፍርዱን ገለበጠው፤ ጭራሽ ወጪውንም ክፈይ ተባለች። ከማስተማሩ ጎን ለጎን መጻፍ ጀምራ ነበርና የአንድ ጋዜጣ ባለድርሻ ሆነች።

ሕይወቷን ለሁለት የከፈለው ግን መጋቢት 1892 ነው። ቶማስ ሞስ የሚባል ፖስተኛ ወዳጇ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ሱቁ የአንድ ነጭ ነጋዴን ገበያ ሻማበት። ጠብ ተነሳ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ሞስና ሁለት ባልደረቦቹ ታሰሩ። ሌሊት መንጋው ከእስር ቤት አውጥቶ በጥይት ደብድቦ ገደላቸው።

እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለው ግድያ የሚፈጸመው ነጭ ሴት በተደፈረች ጊዜ ነው ይባል ነበር። አይዳም ብትሆን የሚባለውን ሰምታ የኖረች ሰው ነች። ሞስን ግን ታውቀዋለች። ማንንም አልደፈረም፤ ጥፋቱ ሱቁ መቅናቱ ነው። እሱ በዚህ ከሞተ ሌሎቹስ በምን ሞቱ? እዚህ ላይ ነው አልቃሿ ወዳጅ ተመራማሪ የሆነችው።

በየቦታው እየሄደች መጠየቅ ያዘች። ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ጋዜጦች የሰባት ዓመት ሕፃን ደፍሮ ተገደለ ያሉትን የአንድ ጥቁር ሰው ጉዳይ ተከታተለች። ሕፃን የተባለችው ከ17 ዓመት በላይ የሆናት ልጃገረድ ሆና ተገኘች። አባቷ ያገኛት ሰውየው ቤት ነበር፤ መንጋውን የመራውም እሱው ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር የሚሠራው፦ በደቡብ ግዛቶች የነጭና የጥቁር ጋብቻ በሕግ የተከለከለ ነው። ወደደችው ከሚባል ተደፈረች ቢባል ለቤተሰቡ ይቀላል፤ ክሱ ከተነገረ ደግሞ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። በአንጻሩ ጥቁር ሴት በነጭ ስትደፈር ገመድ ይዞ የሚወጣ አልነበረም። አይዳ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

ይህን በጋዜጣዋ ፍንጭ ስትሰጥ ከተማው ተቆጣ። እሷ ለሥራ ርቃ ሳለች ቢሮዋ ፈራረሰ፤ ከተመለስሽ ትሞቻለሽ ተባለች። ቤቷን፣ ከተማዋን፣ ጋዜጣዋን ባንድ ጊዜ አጣች።

አሁን ወደ ቆጠራው ልምጣ። የኔን ቁጥር ውሸት ይሉታል ብላ አሰበች መሰለኝ፣ የነጮቹን ጋዜጣ የቺካጎ ትሪቢዩንን ዝርዝር ወሰደች። በ1892 ብቻ 241 ሰዎች በደቦ ተገድለዋል፤ 160ዎቹ ጥቁሮች ናቸው፣ አምስቱም ሴቶች። የጥቁሮቹን በየክሱ ስትመድበው፣ በመድፈር የተከሰሱት 46፣ ሙከራ የተባለባቸው 11 ብቻ ሆኑ። የቀሩት በነፍስ ግድያ፣ በስርቆት፣ ሴት ሰደብክ በመባል፤ እንዲያውም ምንም ክስ ያልተጻፈባቸው አሉ። እስቲ አስቡት፣ ክሱን ሁሉ እውነት ነው ብለን ብንቀበል እንኳ ሲሶ ገደማ ነው! የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሶሺዮሎጂ ትምህርት ክፍሉን የከፈተው በዚያው ዓመት መሆኑ ይገርመኛል። እሷ ዲግሪ አልነበራትም።

በ1893 እና በ1894 እንግሊዝ ሄዳ ተናገረች። በ1895 ዝርዝሩን በመጽሐፍ አሳትማ፣ በዚያው ዓመት የቺካጎውን ጠበቃ ፈርዲናንድ ባርኔትን አገባች። የራሷን ስም አልጣለችም፤ ከባሏ ስም ጋር አጣምራ ዌልስ-ባርኔት ተባለች። አራት ልጆች ወለደች። ሥራውን ግን አልተወችም፤ የአራስ ልጇን ታቅፋ ስብሰባ ትሄድ ነበር። በ1913 ሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጠን ብለው ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ ሲወጡ፣ አስተባባሪዎቹ ጥቁሮች ከኋላ ይሁኑ አሉ። እሷ ከዳር ቆማ ጠበቀችና የኢሊኖይ ሴቶች ሲደርሱ ዘው ብላ መሀላቸው ገባች። ባለጉዳዮቹ ሴቶች መሆናቸው ነው የሚያሳዝነኝ።

በ1931 ቺካጎ ውስጥ አረፈች። የሕይወት ታሪኳን ስትጽፍ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ነው ያቆመችው፤ ልጇ አሳታሚ ስታፈላልግ ኖራ በ1970 ታተመላት። የደቦ ግድያን በፌዴራል ደረጃ ወንጀል የሚያደርገው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የተፈረመው በመጋቢት 2022 ነው።