ፓውል ኤርሊኽና የደም ቀለም

ፓውል ኤርሊኽ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በ1910 ለቂጥኝ ሕክምና የዋለውን ሳልቫርሳን የተባለውን መድኃኒት ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ 30 ዓመት ያህል አስቀድሞ የሠራው ሥራ፣ ዛሬ በቫይረስ የተያዘ ሰው ሕመሙ ይጠናበት እንደ ሆነ ለመገመት ከሚረዱት የደም ምርመራዎች ለአንዱ መሠረት ሆኗል። እዚህ የሚነገረው በይበልጥ ስለዚያ ነው፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኤርሊኽ ማርች 14 ቀን 1854 በፕሩሲያ ግዛት፣ ሽትሬለን በምትባል የሲሌዝያ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ ፐርኪን የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ከሚገኝ ነገር ሐምራዊ ማቅለሚያ አወጣ፤ በኋላም በጀርመን አገር የማቅለሚያ ፋብሪካዎች ተስፋፉ። ለጨርቅ የተሠራውን ቀለም ወደ ሕክምና ላቦራቶሪ ካስገቡት ሰዎች አንዱ የእናቱ ዘመድ ካርል ቫይገርት ነበር። ወጣቱ ኤርሊኽም በዚሁ ተለከፈ። በ1878 በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ለሐኪምነት ያቀረበው ድርሳን ሳይቀር ስለ ማቅለሚያ ነበር።

በዚያው ዓመት በርሊን ሻሪቴ ሆስፒታል ገባ። አለቃው ፍሬሪክስ ለምርምር የሚሆን ጊዜና ነፃነት ሰጠው። ነጭ የደም ሴሎች ቀለም አልባ በመሆናቸው በአጉሊ መነጽር ዓይነታቸውን በውል መለየት ያስቸግር ነበር። ኤርሊኽ የደም ጠብታ በመስታወት ላይ አሳስቶ ይቀባል፤ በጋለ የመዳብ ጠፍጣፋ ላይ ያደርቃል፤ ከዚያም ቀለም ያጠጣዋል። እኔን እንደ መሐንዲስ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ ሴሎቹን ከመመደቡ በፊት ማቅለሚያዎቹን መመደቡ ነው። አሲድ፣ ቤዝና ገለልተኛ ብሎ በሦስት ከፈላቸውና እያንዳንዱ ሴል የትኛውን እንደሚቀበል ተመለከተ። ኢዮሲኖፊል፣ ባሶፊልና ኒውትሮፊል የተባሉት ስሞች የመጡት ከዚሁ ነው። ሊምፎሳይትንም ከእነዚህ ለየ።

ከተለዩ በኋላ መቍጠር ተቻለ። በ2020 መጀመሪያ ከዉሃን የወጡት የኮቪድ-19 ዘገባዎች እንዳመለከቱት፣ ሕመሙ በጠናባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ሊምፎሳይት አንሶ ኒውትሮፊል በዝቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ኒውትሮፊሉ ለሊምፎሳይቱ ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር ከፍ ሲል ሐኪሙ በሽተኛውን በቅርብ ይከታተላል። እርግጥ ይህ በብዙ ሰዎች ላይ የታየ ዝንባሌ እንጂ በአንዱ በሽተኛ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም፤ ተደራቢ የባክቴሪያ ሕመምም ሆነ እንደ ዴክሳሜታሶን ያለ መድኃኒት ቍጥሩን ያዛባዋል። ምርመራው ተደጋግሞ መታየት ያለበትም ለዚህ ነው።

በወረርሽኙ ጊዜ በአንድ ሆስፒታል የተበላሸ የደም መቍጠሪያ መሣሪያ ስጠግን አመሸሁ። ከጎኔ የነበረው የላቦራቶሪ ባለሙያ ግን እኔን አልጠበቀም፤ መስታወት ቀብቶ፣ ቀለም አጠጥቶ፣ 100 ሴል አንድ በአንድ ቈጠረና ውጤቱን ወደ ሕሙማን ክፍል ላከ። እኔ ገና የመሣሪያውን ቱቦ እያጠብኩ ነበር።

ወደ ኤርሊኽ እንመለስ። በ1882 ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ባስታወቀ ጊዜ ኤርሊኽ የተሻለ የማቅለሚያ ዘዴ አበጀለት፤ ጥቂት ዓመታት ቈይቶም በዚያው ዘዴ ባክቴሪያውን በገዛ አክታው ውስጥ አገኘው። በ1888 ለመታከም ወደ ግብፅ ሄደ፤ ድኖም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የዘጊ አነዳን መድኃኒት ሴረም በመለኪያ ወሰነ፤ በ1908 ከሜችኒኮፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በ1897 ያወጣው ሐሳብ አንቲቦዲ በሴል ገጽ ላይ እንደሚበቅልና ተቈርጦ ወደ ደም እንደሚገባ የሚናገር ነበር። የትኛው ሴል እንደ ሆነ ግን አላወቀም። አንቲቦዲን የሚያመነጩት ሴሎች ከሊምፎሳይት ወገን መሆናቸው የተረጋገጠው እርሱ ኦገስት 20 ቀን 1915 በባድ ሆምቡርግ ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።