ምስጋና በጊዜው፦ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ሕይወት



የሚያዝያ 27 የድል በዓል በደረሰ ቁጥር በመካከላችን አንድ ክርክር ይነሣል። ከፊላችን አገራችንን የጠበቀልንን እግዚአብሔርን እናመስግን ስንል፥ ከፊላችን ደግሞ በሹማምንት አዝነን ሳለ በዓሉን በምን ልባችን እናከብራለን እንላለን። ስለዚህ የአንድ ጎጃሜ አርበኛ ሕይወት ብናስታውስ ይጠቅመናል ብለን አሰብን።

የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አባት የቢቸና ሰው ነበሩ። በላይ ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው በመንግሥት ጦር ስለ ተገደሉ፥ ያደጉት በመንግሥት ላይ ቂም ይዘው ነው። ነገር ግን የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፥ ያን ቂም ምክንያት አድርገው አገራቸውን አልተዉም። በቢቸናና በዓባይ በረሃ ጦር ሰብስበው፥ በፈረስ ስማቸው አባ ኮስትር እየተባሉ፥ ለጠላት ሳይገብሩ እስከ ነጻነት ድረስ ተዋጉ። ለተከታዮቻቸው ታላላቅ ማዕርግ ሲሰጡ፥ ለራሳቸው ግን በላይ የሚለው ስም እንደሚበቃቸው መናገራቸው ይወራል።

በየካቲት 1933 ዓ.ም. የእኛን ቡሬን ይዞ የነበረው የጠላት ጦር ምሽጉን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ከስደት የተመለሱት ንጉሠ ነገሥትም በጎጃም በኩል አልፈው፥ ጠላት በገባበት ዕለት በአምስተኛው ዓመት፥ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ያሳዝናል። በላይ የደጃዝማችነት ማዕርግና የቢቸና ግዛት ተሰጣቸው። ሆኖም ከእርሳቸው ያነሰ የደከሙ፥ ለጠላት ያደሩ ሳይቀሩ፥ የበለጠ ሹመት በማግኘታቸው ቅር ተሰኙ። በ1935 ዓ.ም. ሸፍተው ሶማ አምባ ላይ ተከበቡና እጃቸውን ሰጡ። የሞት ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠላቸው፤ ከእስር ለማምለጥ ሞክረው በመያዛቸው ግን በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። ከድሉ ገና አራት ዓመት አልሞላም ነበር።

ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል። ምስጋናው መጥቷል፤ እርሳቸው ግን አልደረሱበትም።

እኛ መሸፈታቸው ልክ ነበር አንልም፤ ውለታቸው መረሳቱም ልክ ነበር አንልም። የምንማረው ግን ይህን ነው፦ በላይ በመንግሥት አዝነው ሳለ ለአገራቸው ተዋግተዋል። እኛም በሹም ብናዝን፥ ሹም ያልፋልና፥ ስለ አገራችን ማመስገንን አንተው። ጌታችን ካነጻቸው ዐሥር ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ እንደ ነበረ አንርሳ። እንግዲህ በዘንድሮው በዓል በየሰፈራችን ያሉትን የአርበኞች ልጆችና ደካማ አረጋውያን፥ በሕይወት ሳሉ፥ ሄደን እንጠይቃቸው፤ እናመስግናቸውም።