ነገን ለማየት ጃፓን ድረስ የሄዱት ብላቴን ጌታ

ባለፈው ክረምት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ቁጭ ብዬ የሳይንስ ልብ ወለድ ጀምሬ ነበር። ዘመኑ 2070 ዓ.ም. ነው። ከጨንቻ ሲቀላ ድረስ የሚበር መኪና አለ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ የሚቆጥር ሮቦት አለ፣ ብቻ ምን የሌለ ነገር አለ! ሦስቱን ምዕራፍ ለጓደኛዬ በቴሌግራም ላክሁላት። አንብባ የጠየቀችኝ በዚያ ዘመን የዶርዜ ሸማኔ በምን እንደሚተዳደር ብቻ ነበር። ዝም አልኩ። ኢኮኖሚክስ የተመረቅሁት ሰውዬ፣ መኪናውን ሳበርር ማን ከፍሎ እንደሚሳፈርበት እንኳን አላሰብኩም።

ነገን የሚጽፍ ሰው ምን ያጠናል እያልኩ ሳነብ ነው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ላይ የቆምኩት። አዎ፣ ትምህርት ቤት ስማቸውን ሰምተን ያለፍናቸው ኅሩይ። ስለ ሮኬት አልጻፉም። ግን መጪውን ዘመን ከመጻፍ በፊት ሄዶ ማየት እንደሚያስፈልግ ገብቷቸዋል።

በ1870 ዓ.ም. ገደማ መርሐቤቴ ተወለዱ። ትምህርታቸው የቤተ ክህነት ነው፤ ከዚያ ተነስተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከመሆን ደረሱ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ በዓል ለንደን ሄዱ፣ በ1911 ዓ.ም. ደግሞ አውሮፓንና አሜሪካን አዩ። ያዩትን ይጽፉ ነበር።

ትልቁ ጉዞ ግን የ1924ቱ የጃፓን ጉዞ ነው። ለወጉ፣ ጃፓን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ላይ ስለተወከለች ምስጋና ለማድረስ ነበር። ለእኔ ግን ያ ጉዞ ጥናት ይመስለኛል። ጃፓን በስልሳ ዓመት ውስጥ ከተዘጋ የመሳፍንት አገርነት ወደ ባቡር፣ ፋብሪካና የጦር መርከብ ባለቤትነት ተሻግራለች። ንጉሠ ነገሥት ያለው፣ ነጭ ያልሆነ፣ ግን በራሱ ፋብሪካ የሚያመርት አገር። ሰውዬው ነገን በምናብ መፈልሰፍ አላስፈለጋቸውም፤ መርከብ ተሳፍረው ሄዱበት።

እዚህ ላይ የጓደኛዬን ጥያቄ አስታውሱ። በዚያው ዘመን የጃፓን ርካሽ ጥጥ ጨርቅ የአሜሪካኑን አቡጀዲ እየገፋ የእኛን ገበያ ይዞ ነበር። ቴክኖሎጂው በሮቦት መልክ ሳይሆን በጣቃ ጨርቅ መልክ ነው የመጣው፤ በእጁ የሚሸምን ሰውም ዋጋውን ከዚያ ጨርቅ ጋር ማስተያየት ነበረበት።

ሲመለሱ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓንን አሳተሙ። ቀጥሎ በ1925 ዓ.ም. አዲስ ዓለም የተባለው ልብ ወለዳቸው ወጣ። እኔ በርዕሱ ተታልዬ ማሽን ጠብቄ ነበር። አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ፓሪስ ተምሮ ይመለሳል፤ የሚጋጨው ደግሞ ከድግስ ጋር ነው፣ ከተስካርና ከሠርግ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ያን ያህል ዓለም ዞሮ ተስካር?

ቆይቶ ነው የገባኝ። ፋብሪካ በካፒታል ይቆማል፤ ካፒታል ከቁጠባ ይመጣል፤ ቁጠባው ደግሞ በአንድ ቀን ድግስ ተበልቶ፣ ቤተሰቡ ዕዳ ውስጥ ይገባል። ይህ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ንባብ ነው፣ እሳቸው እንዲህ አላሰሉት ይሆናል። ግን ማሽኑ የሚገባበትን ቤት ነው የጻፉት። እኔ ማሽኑን ብቻ ነበር የጻፍኩት።

ትንበያቸው ሁሉ ሰመረ ማለቴ አይደለም። ተስፋ የጣሉባት ጃፓን በመጨረሻ ለጣሊያን ወረራ እውቅና ሰጠች። እሳቸው በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ ልጃቸውን አገር ቤት ጣሊያኖች ገደሉባቸው። ኅሩይም በመስከረም 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ውስጥ አረፉ። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ለማየት ሦስት ዓመት እንኳን አልቀራቸውም ነበር። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ወጣ ብዬ ተመለስኩ።

የሚበረውን መኪና አጥፍቼዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በሚኒባስ ዶርዜ ወጥቼ አንድ ሸማኔ ዘንድ ግማሽ ቀን ቁጭ አልኩ፤ ድሩ በስንት እንደሚገዛ፣ አንድ ጋቢ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ልጁ ለምን ሙያውን ትቶ ባጃጅ እንደሚነዳ ጠየቅሁት። አዲሱ ምዕራፍ አንድ ከዚያ ባጃጅ ይጀምራል። ለጓደኛዬ ገና አልላክሁላትም።