ኢማም አድ-ደሚሪ፦ ከልብስ ሰፊነት እስከ እንስሳት ዐዋቂነት

በጋምቤላ ከተማ የሚያልፈው የባሮ ወንዝ ወደ ሶባት፣ ከዚያም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል፤ መድረሻው ግብፅ ነው። በዚያ በወንዙ ግርጌ፣ ከ600 ዓመታት በፊት፣ በባሮ ዳር የምናውቀውን አዞና ዓሣ፣ ሸርጣኑንም ሳይቀር በኪታብ ያሰፈሩ ታላቅ ዓሊም ኖረዋል። እሳቸውም ኢማም ከማሉዲን ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አድ-ደሚሪ (ረሒመሁላህ) ናቸው።

በ742 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1341) ገደማ ተወለዱ። መጀመሪያ መተዳደሪያቸው ልብስ ስፌት ነበር። ኋላ መርፌውን ትተው ወደ ዒልም ዞሩ፤ ከበሃኡዲን አስ-ሱብኪና ከጀማሉዲን አል-ኢስነዊ ዘንድ የሻፊዒን ፊቅህ ቀሩ። በአል-አዝሀር አስተማሩ። ለሐጅ ደጋግመው ሄደው በመካም አቀሩ። ጾም ማብዛታቸው ይታወቅላቸው ነበር።

ስማቸውን ያስጠራው «ሐያቱል-ሐየዋን» የተጻፈው በአንድ ደርስ ላይ በተነሳ ግርታ ምክንያት ነው። ሳቢሳ የተባለችው የውሃ ዳር ወፍ ስም ሲነሳ ሰዎች ተምታታባቸው። እሳቸውም በ773 ዓመተ ሂጅራ ከ1,000 በላይ ርእሶች ያሉትን ኪታብ በፊደል ተራ አዘጋጁ። በየርእሱ የእንስሳውን ስም፣ ጠባይና ሸሪዓዊ ሑክም አስቀመጡ። ያልተጣሩ ተረቶች ቢኖሩበትም፣ ብዙ ቦታ ላይ አስተውሎቱ ያስደንቃል።

ለምሳሌ ሸርጣን ጀርባው ጠንካራ፣ ራስ የሌለው የሚመስል፣ ዓይኑ ትከሻው ላይ፣ አፉ ደረቱ ላይ ያለና በጎን የሚሄድ መሆኑን ጽፈዋል። በእርግጥም የዓሣና የአዞ አከርካሪ ከሥጋቸው ውስጥ ሲሆን፣ ሸርጣን ግን አጥንት የለውም፤ የሚሸከመው የውጭ ቅርፊቱ ነው። ይህን ልዩነት የእንስሳት ሁሉ መክፈያ ያደረገው ፈረንሳዊው ላማርክ የመጣው ከእሳቸው 400 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

አከርካሪ ብቻውን ሐላልና ሐራም አይለይም። አዞ አከርካሪ አለው፤ ኢማሙ ግን በክራንቻው አጥቂ በመሆኑ ሐራም ብለውታል። ሸርጣንንም ሐራም ሲሉ፣ በማሊኪ መዝሀብ የተፈቀደ መሆኑን አልደበቁም። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ ከውሃ እንስሳት የሚበላው ዓሣ ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬ ሽሪምፕ ገበታችን ላይ ሲቀርብ ዓሣ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ዑለሞችን ያከራክራል። ስለዚህ ሑክም ከመስጠት በፊት ፍጡሩን ማወቅ ይቀድማል።

ኢማሙ በ808 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1405) ካይሮ ውስጥ ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው፤ ከዒልማቸውም ይጥቀመን።