ስሙ ተቀይሮ አሜሪካ የገባው ልጅ፦ የኦሳሙ ቴዙካ ሕይወት

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ እንበል። እዚህ ላስ ቬጋስ ወላጆች የሌሊት ፈረቃ ላይ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ልጆቻችን ቤት ሆነው በእንግሊዝኛ የሚናገር የጃፓን ካርቱን ያያሉ፤ አኒሜ ይሉታል። ለዚህ በር የከፈተው ሰው ኦሳሙ ቴዙካ ይባላል። ካረፈ ከ35 ዓመት በላይ ሆኖታል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቴዙካ በ1928 ኦሳካ አጠገብ ተወለደ። በጦርነቱ ጊዜ ገና ተማሪ ሳለ ፋብሪካ ውስጥ እንዲሠራ ተመደበ፤ በ1945 ኦሳካ በአሜሪካ አውሮፕላኖች ስትደበደብም ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ሕክምና ተምሮ የሐኪምነት ፈቃድ አገኘ፤ እንጀራው ግን ሥዕል ሆነ። የሚገርመው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የዲዝኒ ፊልሞች ፍቅር ነበረበት።

በ1952 አቶም የተባለውን የሮቦት ልጅ በመጽሔት ላይ መሳል ጀመረ። ታሪኩ ሆድ ያባባል፦ አንድ ሳይንቲስት ልጁ በመኪና አደጋ ሲሞትበት ልጁን የሚመስል ሮቦት ይሠራል። ሮቦት ደግሞ አያድግም፤ ይሄን ሲያይ አባትየው ለሰርከስ ይሸጠዋል።

ጥር 1 ቀን 1963 አቶም በጃፓን ቴሌቪዥን ብቅ አለ። ቴዙካ እያንዳንዱን ክፍል ለጣቢያው የሸጠው ከወጪው በታች ነበር፤ ስለዚህ የሥዕሉን ብዛት ቀነሰ፣ አንዴ የተሳለውንም ደጋግሞ ተጠቀመበት። የውጭ ገበያ የግድ ያስፈልገው ነበር። የአሜሪካው ኤንቢሲ ገዛው፤ ፍሬድ ላድ የተባለ ባለሙያም ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሥራው ቃል በቃል መተርጎም አልነበረም፤ ንግግሩ ከአፍ እንቅስቃሴው ጋር እንዲገጥም እንደገና ተጻፈ። አቶም አስትሮ ቦይ ተባለ፣ ዶክተር ቴንማ ቦይንተን ሆነ፣ ኦቻኖሚዙ ደግሞ ኤለፈን። ለአሜሪካ ልጆች ይከብዳል የተባለው ተቆረጠ። ከ193ቱ ክፍሎች በእንግሊዝኛ የወጡት 104 ናቸው። በ1964 የእኛው አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ፣ ይሄ ልጅ በሁለት ስም በሁለት አገር እየታየ ነበር። ብዙ የአሜሪካ ልጆች ጃፓናዊ መሆኑን እንኳ አያውቁም ነበር።

ቀጥሎ በ1965 የነጩ አንበሳ ታሪክ መጣ። ጃፓን ውስጥ ሊዮ፣ አሜሪካ ውስጥ ኪምባ ይባላል። በቴዙካ መጽሐፍ ሊዮ አድጎ፣ ወልዶ፣ በመጨረሻ ሰው ለማዳን ሲል ይሞታል። አሜሪካኖቹ ግን ክፍሎቹን በፈለጉት ቅደም ተከተል ማሳየት ስለፈለጉ ግልገሉ እንዳያድግ ጠየቁ። ቴዙካ ተስማማ፤ ሆኖም በ1966 ሊዮ ያደገበትንና ቤተሰብ የመሠረተበትን ተከታይ ለብቻው ሠራ።

ይሄ ሁሉ ሀብታም አላደረገውም። ድርጅቱ በ1973 ከሰረ። እሱ ግን መሳሉን አላቆመም፤ በዚያው ዓመት ብላክ ጃክ የተባለውን የሐኪም ታሪክ ጀመረ። የካቲት 9 ቀን 1989 በጨጓራ ካንሰር ሲያርፍ ዕድሜው 60 ነበር። በ1994 የዲዝኒ ላየን ኪንግ ሲወጣ ከኪምባ ጋር ይመሳሰላል የሚል ክርክር ተነሳ፤ ዲዝኒ አስተባበለ፤ ቴዙካ ግን መልስ ለመስጠት በሕይወት አልነበረም።

እኛ ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ምንድን ነው? አቶም ስሙን ጥሎ ገባ፤ ዛሬ ናሩቶ በራሱ ስም ገብቶ የእኛም ልጆች ስሙን አሳምረው ይጠሩታል። የፊተኛው ስለከፈለ ለኋለኛው ቀለለው። እኛም ሥራ ቦታ ስማችንን አሳጥረን የገባን ብዙ ነን፤ ይሄ አያሳፍርም። ጥያቄው ልጆቻችን ሙሉ ስማቸውን ይዘው እንዲገቡ ምን እያደረግን ነው የሚለው ነው። ናሩቶን ማለት የቻለ አሜሪካዊ አስተማሪ፣ ቢነገረው ጥላሁንንም ጸጋነሽንም ማለት አያቅተውም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጻፉልን።